አዞ የማይበላበት ወር

ባዩ ግሪ፣ ሉዊዚያና
ፌብሩዋሪ 8 ቀን 1982

ለምወድሽ ለልጄ ለአዜሊ፣

ይህ ወረቀት እጅሽ ሲገባ አንቺንም፣ ባልሽን ዌይንንም፣ ትንሿን ልጅሽንም በደህና ያግኛችሁ። በዚያ በጀርመን በረዶ ውስጥ ድንግል ማርያም ከለላ ትሁናችሁ። ስለ እኔ ጤና አትጨነቂ፤ መጀመሪያ ቁጭ በይ። ልጅቷን አቅፈሽ ከሆነ አስተኚያት።

ወንድምሽ ኡሊስ ሞቷል።

ይህችን አንድ መስመር ለመጻፍ ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። የተሻለ አጻጻፍ ይገኝ እንደሆነ ብዬ ብዙ ወረቀት ቀደድኩ፤ አልተገኘም። ጃንዋሪ 19፣ ማክሰኞ ጠዋት ከቤት ወጣ፣ በዚያው ቀረ። ታንኳዋ ተገልብጣ ከማሰሪያው ሳንቃ አጠገብ ተገኘች። የወሰደችው አሮጊቷ ናት። መቼም ታውቂያታለሽ፤ አባትሽ በሕይወት ሳለ ጀምሮ ከኩሽናው በታች የምትኖረው አዞ ናት። ኡሊስ የዶሮ አንገት እየወረወረ አለመዳት። አዞ ሲጎርስ የዶሮ አንገትና የሰው እጅ አይለይም ብዬ ስንቴ ነገርኩት፤ ይስቅብኝ ነበር።

ከከተማ የሸሪፉ ረዳት መጥቶ ጠየቀ፣ ጻፈ፣ ሄደ። ከሰሜን የመጣ ልጅ ነው፣ ጫማው ገና አዲስ ነበር። አባ ጸሎተ ፍትሐቱን አደረሱ። ሳጥኑ ባዶውን እንዳይወርድ ብለን የጎማ ቦቲውንና የእሑድ ሸሚዙን አስገባንበት። ከእናትሽ ጎን ነው ያረፈው።

ለምን ሳትጠብቀኝ ትይኛለሽ። እኔ ለእናትሽ የአጎቷ ልጅ ብሆንም አባትሽ ከሞተ ወዲህ ሁለታችሁንም ያሳደግኋችሁ እኔ ነኝ፤ ቀብሩን የወሰንኩትም እኔ ነኝ፤ ከተቆጣሽ እኔን ተቆጪ። ስልክ ግን አትደውዪ። ያለው አንድ ስልክ ሱቁ ውስጥ ነው፣ አገሩ ሁሉ ቆሞ ይሰማል፣ እኔም በስልክ ማልቀስ አልችልበትም።

ምንም እንዳትልኪልኝ። የሚጎድለኝ ነገር የለም።

ያሳደገሽ አጎትሽ
ኤቫሪስት


ካይዘርስላውተርን፣ ጀርመን
ፌብሩዋሪ 24 ቀን 1982

ለተከበሩ አጎቴ ለኤቫሪስት፣

እግዚአብሔር ያጽናዎት፤ ለእኔም የሚተርፍ ካለው ያጽናኝ። እንዳሉኝ ቁጭ ብዬ ነበር ያነበብኩት፣ ቁጭ እንዳልኩም ቀረሁ። ዌይን ከጦር ሰፈሩ ሲመለስ ልጅቷ በልቅሶ ድምጿ ጠፍቶ፣ እኔ ካፖርቴን እንደለበስኩ አገኘኝ።

አጎቴ፣ አንድ ነገር ያስቀኛል፣ መሳቄም ያስፈራኛል። በቤታችን የጠፋ ነገር ሁሉ «አሮጊቷ በላችው» አልነበር የሚባለው? የእማማ መቀስ ሲጠፋ፣ የኡሊስ የፈተና ወረቀት ሲጠፋ። እርስዎ ራስዎ ከቅዳሴ ለመቅረት ባርኔጣዬን አሮጊቷ በላችው ብለው፣ እማማ ከአልጋ ሥር ጎትታ አላወጣችም? አሁን ጎረቤቶቼ ወንድምሽ ምን ሆኖ ሞተ ሲሉኝ ያው ቃል ይመጣብኝና ሳቅ ያመልጠኛል። ጀርመኖቹ ይቺ ሴት ለየላት ሳይሉ አይቀሩም።

ማን አየው? ሲጮህ የሰማ አለ? እሷ መሆኗ በምን ታወቀ? ከእማማ ጎን ቦቲ ተቀበረ የሚለው ነገር እንቅልፍ ነሥቶኛል። እማማ ጎኔን ለልጄ ተዉልኝ ብላ ነው የሞተችው፣ ለጫማ አይደለም። አጎቴ፣ የት እንዳለ ማወቅ እፈልጋለሁ። አንዲት አጥንት ትሁን፣ አንዲት ቁልፍ ትሁን፣ የእሱ የሆነ ነገር ከእሷ ጎን እስኪያርፍ እኔም አላርፍም። ከዚህ ሌላ ከእርስዎ የምለምነው የለም።

ኡሊስ ለገና ጽፎልኝ ነበር። ነገ እመልሳለሁ፣ ነገ እመልሳለሁ ስል ይኸው።

ልጅዎ
አዜሊ


ባዩ ግሪ
ኤፕሪል 30 ቀን 1982

ለልጄ ለአዜሊ፣

እንደምን ከርመሻል? ያ የፈጠረን አምላክ እንባሽን ያብስልሽ። መልሴ የዘገየው በሌላ አይደለም፤ ብዕሩ ተበላሽቶ፣ ከዚያም የዓሣው ሥራ ደርሶ ነው።

ጥያቄዎችሽን ደጋግሜ አነበብኳቸው። ያየ የለም። የሰማም የለም። ጉም ነበር፤ የገዛ እጅሽን ብትዘረጊ የማታዪበት ዓይነት ጉም። ከዚህ በላይ ምን ልበልሽ።

ስለ አገሩ ልንገርሽ። ሙቀቱ ገብቷል፣ እንቁራሪቱ ጆሮ ያደነቁራል። አዞዎቹም አፋቸውን ከፍተዋል። ትናንሾቹ ሸርጣንና ፌንጣ ይለቅማሉ፣ ትልልቆቹ የረግረጉን አይጥ ይጨርሱልናል፣ እሰየው ነው። ትናንት አንዱ ኤሊ ሲሰብር ከቤት ሆኜ ሰማሁት፤ ያ ድምፅ አሁንም ጥርሴን ያመኛል።

~~~~~~~ (እዚህ ላይ አንድ መስመር በቀለም ተሰርዟል።)

አንድ አዲስ ነገር መጥቷል። ከከተማ በጀልባ ጎብኚ የሚያመላልስ ሰው ለአዞዎቹ ነጭ ለስላሳ ከረሜላ ይወረውርላቸዋል። እነሱም ለመዱት። አሁን ውሃ ላይ ነጭ ነገር ካዩ ከረሜላ ነው ብለው ይመጣሉ። ጎረቤታችን ዙልሜ ነጭ ካልሲዎቿን ሁሉ ሰብስባ ጥቁር ነከረቻቸው። «በእርጅናዬ ከረሜላ ነሽ ተብዬ አልሞትም» አለች አሉ። ለእኔ አይደለም ያለችው፣ ሱቅ ውስጥ ነው። በየሐሙሱ የጋምቦ ሾርባ በድስት ይዛልኝ ትመጣለች፣ ደረጃው ላይ ታስቀምጥና ትሄዳለች። ድሮ እኮ ከተቀመጠች ፀሐይ ሳትጠልቅ የሚያስነሳት አልነበረም። ሌሎቹም እንደዚያው ናቸው። ሰላም ይሉኛል፣ ያልፋሉ።

ምንም አልፈልግም ብዬሽ ነበር፤ አንድ ነገር ግን ላስቸግርሽ። ጀርመኖች ጥሩ መስታወት ይሠራሉ ይባላል። ነገር የሚያጎላ የእጅ መስታወት ካገኘሽ ላኪልኝ። ለእጄ እሾህ ማውጫ ነው።

አጎትሽ
ኤቫሪስት


ካይዘርስላውተርን
ሜይ 22 ቀን 1982

ለተከበሩ አጎቴ፣

ጤናና ዕድሜ ይስጥልኝ። መስታወቱን ከዚህ ጋር ልኬያለሁ፣ በልጅቷ ካልሲ ጠቅልዬዋለሁ፤ ካልሲዋም ነጭ ስለሆነች ከውሃው ያርቋት።

አጎቴ፣ ጽሕፈትዎ ትልልቅ ሆኗል። መስመሩም ወደ ታች ይወርዳል። ድሮ በጽሕፈትዎ አስተማሪዋ እንኳ ትቀና ነበር። ድካም ነው? የሰረዙትን መስመርም አይቻለሁ። መስኮት ላይ ለጥፌ ከጀርባው አነበብኩት። ባላነበው ይሻለኝ ነበር፤ ስለዚህ አንብቤዋለሁ አልልም።

አንድ ነገር አስቤያለሁ፣ እንቢ እንዳይሉኝ። ከኩሽናው መስኮት በላይ ያለው ሳንቃ አሁንም አለ? ከአዞ ሆድ የወጣውን ሁሉ የሚደረድሩበት። ከልጅነቴ የማስታውሰው ከማንኛውም ሥዕል ይልቅ ያንን ሳንቃ ነው። የውሻችን የፓቶ የአንገት ቆርቆሮ፣ የነሐስ ቀለሁ፣ የበር እጀታው፣ ያ ከየት እንደመጣ ያልታወቀው የሹካ ጫፍ። በአገራችን ድንጋይ የለም፣ ስለዚህ አዞው ምግቡን የሚፈጭበት ጠንካራ ነገር ሲያጣ ያገኘውን ይውጣል፣ የዋጠውም ዓመታት ይቀመጣል ይሉን ነበር። ኡሊስ ከመጀመሪያ ቁርባኑ ጀምሮ የቅዱስ ክሪስቶፎርን የብር ሜዳሊያ ከአንገቱ አውልቆ አያውቅም። ሥጋው አልፎ ይሆናል። ብሩ ግን እዚያው ነው።

በሴፕቴምበር አደኑ ሲከፈት አሮጊቷን ይያዙልኝ። ሆዷን ይክፈቱ። ያገኙትን ይላኩልኝ። እንዲያ ካደረጉልኝ አምናለሁ፣ አለቅሳለሁ፣ ይበቃኛል።

ልጅዎ
አዜሊ


ባዩ ግሪ
ኦክቶበር 3 ቀን 1982

ለልጄ ለአዜሊ፣

ሰላም ላንቺ፣ ሰላም ለቤትሽ። በጋውን ሙሉ ዝም ያልኩት ሴፕቴምበርን ስጠብቅ ነው። ያዘዝሽኝን ፈጽሜያለሁ።

ዶሮውን ሦስት ቀን ፀሐይ ላይ አቆይቼ እስኪሸት ጠበቅኩ። ከውሃው አንድ ክንድ ከፍ አድርጌ በሜንጦ ሰቀልኩት፤ ዝቅ ካለ ትንሹ ሁሉ ይመጣበታል፣ ትልቅ የሚፈልግ ከፍ ማድረግ አለበት። በሁለተኛው ጠዋት ገመዱ ውሃ ውስጥ ገብቶ ተወጥሮ አገኘሁት። አሮጊቷ ነበረች። ብዙም አልታገለችኝም።

ሆዷን ከፈትኩ። የረግረግ አይጥ ጥርስ፣ የኤሊ ቅርፊት፣ ሁለት ቀለሆች፣ የጠርሙስ አንገት። ከሥር ደግሞ ይኸው በወረቀት ጠቅልዬ የላክሁልሽ። እንደምታዪው ሆዷ አጥቁሮታል። የቅዱሱን ፊት ለመለየት ያስቸግራል።

ልጄ፣ አሁን እረፊ። ከእናትሽ ጎን ይቀበር ካልሽ መልሰሽ ላኪልኝ፤ አንገቴ ላይ ይሁን ካልሽ የእህት ነው፣ ይገባሻል። ስለዚህ ነገር ከእንግዲህ ባንጻጻፍ ደስ ይለኛል። ስለ ልጅቷ ጻፊልኝ። መሄድ ጀምራ ይሆናል።

መስታወቱ ጥሩ ነው። እሾሁ ግን አልወጣም።

አጎትሽ
ኤቫሪስት


ካይዘርስላውተርን
ኦክቶበር 20 ቀን 1982

አጎቴ፣

በእጄ ስይዘው ጥቁሩ አውራ ጣቴ ላይ ቀረ። ጥላሸት ነው። በመሀረብ ጠረግኩት፣ ቅዱስ ክሪስቶፎር ከነጺሙ፣ ሕፃኑን ከነትከሻው ብቅ አለልኝ። ሰንሰለቱ አንድ ቀለበት አልጎደለውም። የፓቶ ቆርቆሮ ሁለት ዓመት አዞ ሆድ ውስጥ ቆይታ ስትወጣ ስሙን ማንበብ አልተቻለም ነበር፤ ጠርዟ እንደ ብስኩት ተበልቶ ነበር። እኔ ያንን ሳንቃ እያየሁ ያደግኩ ልጅ ነኝ። በኩራዝ ጭስ ልታታልለኝ ነበር?

አዞ በጃንዋሪ አይበላም።

ይህን ያስተማርከኝ አንተ ነህ። ስድስት ዓመቴ ነበር፣ ብርድ ነበር፣ አሮጊቷ ጭቃው ላይ ተኝታ ነበር፣ ኡሊስ ዶሮ አንገት አፍንጫዋ ላይ ወረወረ፣ ዞራ አላየችውም። «ብርድ ሲገባ ሆዷ ይቆለፋል፣ ብትውጥ እንኳ ውስጧ ይበሰብስና ይገድላታል፣ እስከ ማርች ከእናንተ ጋር ጉዳይ የላትም» አልከን። የሰረዝከው መስመርም ምን እንደሚል ልንገርህ። «አሮጊቷ በማርች ነቅታ ስትወጣ፣ ከኦክቶበር ጀምሮ ስላልቀመሰች ጎኗ ገብቶ ነበር» ነው የሚለው። አዞ ስታይ ዝም ማለት አትችልም፤ እጅህ ቀድሞህ ጻፈ።

እኔም ከመጀመሪያው ደብዳቤ ጀምሮ አውቅ ነበር። ጃንዋሪ 19 የሚለውን ሳነብ አውቄ ነበር። ማወቁን እንቢ አልኩ።

ለገና ምን ብሎ እንደጻፈልኝ ታውቃለህ? «የአጎታችን ዓይን ሞራ ለብሷል፣ ሐኪሙ ነግሮታል፣ እሱ ግን ለማንም አይናገርም። ጠመንጃውን ተው ብለው ሳምንት ሙሉ አኮረፈኝ። ስለዚህ በየጠዋቱ ከኋላው ራቅ ብዬ እከተለዋለሁ፣ በጉም መመለሻው እንዳይጠፋው። ድምፄን አላሰማም፣ ካወቀ ያፍራል። አንቺን ይሰማሻል፣ ስለ ዓይኑ ጻፊለት።» ይላል።

ወንድሜ የት ነው?

አዜሊ


ባዩ ግሪ
ጃንዋሪ 19 ቀን 1983

ለአዜሊ፣

አንተ ብለሽኛል። ልክ ነሽ፣ እርስዎ የሚባል ሰው አይደለሁም።

ይህን ወረቀት ለመጻፍ ዘጠኝ ቀን ፈጅቶብኛል። በወረቀቱ ላይ ክር ወጥሬ፣ ክሩን በጣቴ እየዳበስኩ ነው የምጽፈው። አንዱ መስመር በሌላው ላይ ወጥቶ ከሆነ ታገሺኝ። በረከት ልመርቅሽ ብዬ ነበር፤ በምን አፌ።

የዳክዬ አደን ሊዘጋ ጥቂት ቀን ቀርቶት ነበር። ጉም ነበር፣ ይህን አልዋሸሁሽም። መንገዱን በቀዘፋ ቁጥር አውቀዋለሁ፤ ከማሰሪያው እስከ ዛጎሉ ጉብታ አራት መቶ አሥር ቀዘፋ ነው፣ ዓይን አያስፈልገውም። ሸምበቆው ውስጥ ተቀመጥኩ። ከበስተቀኝ ውሃው ተንቀሳቀሰ። አንድ ጥቁር ነገር ዝቅ ብሎ መጣ። ዳክዬ ነው አልኩ። አዜሊ፣ ዳክዬ ባይመስለኝም የምተኩስ ይመስለኛል። ገና የሚያይ ሰው መሆኔን ለራሴ ላሳየው ነበር የፈለግኩት። ተኮስኩ።

«አጎቴ፣ እኔ ነኝ» አለኝ። በር አንኳክቶ ማነው ሲባል እንደሚመልስ ሰው፣ በዚያ ድምፅ።

ጎኑ ላይ ነበር። ሁለቱን እጆቼን ጫንኩበት። እሱ የሚያስበው ስለ እኔ ነበር። «ለሸሪፉ አሮጊቷ በላችው በለው» አለኝ።

«በጃንዋሪ?» አልኩት። ታምኚያለሽ? ደሙ በጣቶቼ መሃል እየወጣ እኔ ስለ አዞ እከራከራለሁ።

«ከከተማ ነው የሚመጣው፣ ምኑን ያውቃል» አለ። የሳቀ ይመስለኛል። ፊቱን ማየት ስላልቻልኩ እርግጠኛ አይደለሁም።

«ለአዜሊስ ምን ልበላት?» አልኩት።

 ሁለት ጊዜ ጠየቅኩት። ሁለተኛውን ስጠይቅ አልነበረም።

እስር ፈርቼ አይደለም የደበቅኩት ልልሽ ነበር። ውሸት ነው፣ እስርም ፈርቼ ነው። ከዚያ በላይ ግን፣ በዚህ ረግረግ ላይ ኤቫሪስት ያሳደገውን ልጅ ገደለ ተብሎ በስሜ ሲነገር ቆሜ መስማት አቃተኝ። አካሉን ካመጣሁ ደግሞ ጥይቱን ያያሉ። በሸራ ጠቅልዬ ዛጎሉ ጉብታ ላይ፣ ከትልቁ ኦክ ዛፍ ሥር ቀበርኩት። የራሱን መቅዘፊያ ራስጌው ተክያለሁ። ታንኳዋን እስከ ማሰሪያው ጎትቼ የገለበጥኳትም እኔ ነኝ። የማውቀውን ጸሎት ሁሉ ደገምኩ። ሜዳሊያውን ላንቺ ብዬ ከአንገቱ ፈታሁ፣ እንዴት እንደምሰጥሽ ግን አላወቅኩም፤ አንቺው መንገዱን ነገርሽኝ።

የሸሪፉ ረዳት ሁሉን ጻፈ። ዙልሜን «ይህች አዞ ሰው ትወስዳለች?» ብሎ ጠየቃት። ዙልሜ እኔን አየችኝ። ከዚያ «ትልቅ ናት» አለችው።  በፍትሐቱ ላይ አባ፣ እዚሁ ተወልደው ያደጉ ሰው፣ «በዚህ በጃንዋሪ ወር» የሚለው ላይ ሲደርሱ ቆም አሉ። ቤተ ክርስቲያን ሙሉ ሰው ነበር፣ አንድ ሳል እንኳ አልተሰማም። ሁሉም ያውቃል፤ እዚህ አገር የሦስት ዓመት ሕፃን ያውቀዋል። ማንም አልተናገረም፣ ማንም ደግሞ ከዚያ ወዲህ ቤቴ ገብቶ አልተቀመጠም። ምረውኝ ይሁን ፈርደውብኝ ለይቼ አላውቅም።

ከዚህ ሁሉ የከበደኝ ያንቺ ደብዳቤ ነው። እዚያ ሸምበቆ ውስጥ ምን ሊሠራ እንደመጣ አላውቅም ነበር። እሱም ሊያድን መጥቶ ይሆናል፣ ተገጣጠምን፣ ዕድል ነው እል ነበር። በየጠዋቱ ይከተለኝ ነበር ማለት ነው። እንዳላፍር ብሎ ድምፁን ሳያሰማ። አንድ ጊዜ ቢያስል ኖሮ።

አሮጊቷን አልገደልኳትም። ምን አድርጋ ልግደላት? ከሆዷ አወጣሁ ያልኩሽ ሁሉ ከድሮው ሳንቃ የወረደ ነው። ሜዳሊያውን በኩራዝ ጭስ ስቀባው በዚያ በላክሽልኝ መስታወት ሳይቀር አየሁት። ከሆድ የወጣ መሰለኝ። ይህን ያህል ነው የማየው።

አሁን የምለምንሽ አንድ ነገር ነው። ይህን ደብዳቤ ለሸሪፉ መላክ ብትፈልጊ ላኪው። የእጄ ጽሕፈት ነው፣ ከታች ሙሉ ስሜን ፈርሜበታለሁ፣ ቀኑንም ቦታውንም ጽፌያለሁ፤ ሌላ ምስክር አያስፈልግሽም። አልቀየምሽም። ከእንግዲህ የምትጽፊውን እኔ አላነብም፤ ዙልሜ ናት የምታነብልኝ። ያንን አውቀሽ ጻፊ።

ኤቫሪስት አርሴን ቴሪዮ


ካይዘርስላውተርን
ፌብሩዋሪ 9 ቀን 1983

ለአጎቴ ለኤቫሪስት፣

በመጀመሪያ ለእርስዎ፣ ለእትዬ ዙልሜ። ስላነበቡላቸው እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ድስቱን ደረጃ ላይ አስቀምጠው አይሂዱ። ይግቡና ይቀመጡ፣ ረጅም አይደለም፣ ሁለት ጊዜ ያንብቡላቸው።

አጎቴ፣ እንደምን አሉ? የጻፉልኝን ተቀብያለሁ። አሥር ቀን ከአልጋ አልተነሣሁም። እርግማን ጽፌ ቀደድኩ፣ ሌላ ጻፍኩ፣ ያንንም ቀደድኩ። ይቅር ብዬዎታለሁ አልልም። ፈልጌዋለሁ፣ እዚህ አላገኘሁትም። ምናልባት እዚያ ይሆናል ያለው።

ግን እኔም የራሴ አለኝ። ወንድሜ ስለ ዓይንዎ ጻፊለት ብሎ ሲለምነኝ ወረቀቱ ጠረጴዛዬ ላይ ነበር፣ ብዕሩም ነበር። የልጅቷ ጥርስ፣ የዌይን ልብስ፣ የበረዶው መንሸራተት፣ ሁልጊዜ የሚቀድም ነገር አላጣሁም። ሦስት ሳምንት ሙሉ ነገ እያልኩ ከረምኩ። ሁለታችንም በየበኩላችን አላየንም፤ የእርስዎ ሞራ ነው፣ የእኔ ስሙን አላውቀውም።

ማርች ሁለት ቀን እመጣለሁ፣ ልጅቷንም ይዤ። ውሃው ሳይሞቅ፣ አሮጊቷ ሳትነቃ መድረስ እፈልጋለሁ። ታንኳዋን ያዘጋጁ፣ አንድ ሸራና አካፋ ይጨምሩ። አራት መቶ አሥሩን ቀዘፋ እርስዎ ይቆጥራሉ፣ የማየቱን ሥራ እኔ እሠራለሁ። ከመቅዘፊያው ሥር ያለውን ወደ እማማ ጎን እናመጣዋለን፣ ቦቲውን ከዚያ እናወጣለን። አባ ይኖራሉ ብዬ አምናለሁ። እትዬ ዙልሜም፣ ያን ቀን ዝም ያላችሁት ሁላችሁም ትመጣላችሁ፤ ለፍትሐት እንጂ ለጥያቄ አልጠራኋችሁም። ከዚያ በኋላ የዓይን ሐኪሙ ዘንድ እወስድዎታለሁ። እንቢ ቢሉ አልሰማዎትም።

ጠመንጃውን ግን ከመምጣቴ በፊት ውሃው ውስጥ ይጣሉት። እንዳላየው።

በጃንዋሪ የጻፉልኝን ደብዳቤ በተመለከተ። ከሸሪፉ ቢሮም ይሁን ከሌላ፣ የት ገባ ብሎ የሚጠይቅ ቢመጣ እኔ ዘንድ የለም። ቤቱን ሙሉ ፈልጌው ነበር፣ ዌይንም ፈልጎታል።

አሮጊቷ በላችው።

ልጅዎ
አዜሊ